የምልክት ቤቱ ዘንጎች፣ ደወሎችና መዝገብ



በራዲዮ የተላለፈው ንግግር ይኸው ታትሞ እጃችሁ ገብቷል። ስትሰሙት ያመለጣችሁ ነገር ካለ አሁን በራሳችሁ ጊዜ፣ ቀስ ብላችሁ፣ መስመሩን በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡት። የሚከብድ የፈረንጅ ስም ሲያጋጥማችሁ ቆም በሉ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጥሩና እለፉ። እዚህ የተጻፉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በእኛው ነው።

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ቤት ነው። ሰው አያድርበትም፤ ሸቀጥ አይሸጥበትም። ከሐዲድ ዳር ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ላይኛው ክፍሉ በመስኮት የተከበበ ቤት ነው። የምልክት ቤት ይባላል። በውስጡ የሚሠራው ሰው ባቡር አይነዳም፤ ትኬትም አይቆርጥም። ነገር ግን እሱ ካልፈቀደ አንድም ባቡር በዚያ በኩል አያልፍም።

ለምን አስፈለገ? እስቲ አስቡት። በመንገድ ስትሄዱ በቅሎ ቢመጣባችሁ ዞር ትላላችሁ። የመኪና ሾፌርም ፊቱ ላይ እንቅፋት ሲያይ መሪውን ይጠመዝዛል። ባቡር ግን መሪ የለውም። ሐዲዱ በወሰደው ይሄዳል። በዚያ ላይ ከባድ ነው፤ ብረት በብረት ላይ ስለሚንከባለል ፍሬን ቢያዝም ቶሎ አይቆምም። በፍጥነት የሚሄድ ባቡር እስኪቆም ድረስ ብዙ መቶ ሜትር፣ አንዳንዴም ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ነጂው ፊቱ ላይ ሌላ ባቡር ቆሞ ቢያይ፣ ባየበት ጊዜ ነገሩ አልቋል። ስለዚህ በዓይኑ ከማየቱ በፊት የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ሊቨርፑልና ማንቸስተር በሚባሉት የእንግሊዝ ከተሞች መካከል የመንገደኛ ባቡር በ1830 ሥራ ሲጀምር የምልክት ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። በሐዲዱ ዳር የሚቆሙ የባቡር ፖሊሶች ነበሩ። ቀን በእጃቸውና በባንዲራ፣ ማታ በፋኖስ ምልክት ይሰጡ ነበር። እንግሊዞች ፖሊስን በቁልምጫ «ቦቢ» ይሉታል። የባቡር ሠራተኞች ደግሞ የምልክት ቤቱን ሠራተኛ «ቦቢ» ይሉት ነበር። ሥራው ከፖሊሱ ሥራ ስለተወለደ ነው።

ታዲያ እነዚያ ፖሊሶች የሚተማመኑት በሰዓት ነበር። አንድ ባቡር ካለፈ በኋላ የተወሰነ ደቂቃ ይጠብቁና ቀጣዩን ይለቁታል። ነገሩ ደህና ይመስላል፣ አይደለም እንዴ? ፊተኛው ባቡር ከኮረብታው ጀርባ ተበላሽቶ ቢቆምስ? ሰዓት ይቆጥራል እንጂ አያይም።

በሰኔ ወር 1889 በአየርላንድ፣ አርማ ከምትባል ከተማ አጠገብ የሆነው ይኸው ነው። ለሽርሽር የወጡ ልጆችና ወላጆች የጫነ ረጅም ባቡር ዳገት አቃተው። ሠራተኞቹ ባቡሩን ለሁለት ቆረጡት። የፊተኛውን ክፍል አድርሰው የኋለኛውን ተመልሰው ሊወስዱ ነበር። የኋለኛው ክፍል ግን ፍሬን አልያዘውም፤ ቁልቁል ወደ ኋላ ተንደረደረ። ከታች ደግሞ ደቂቃው ሞልቷል ተብሎ የተለቀቀ ሌላ ባቡር እየመጣ ነበር። 80 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ።

በዚያው ዓመት ፓርላማው ሕግ አወጣ። ከእንግዲህ የመንገደኛ ባቡሮች በሰዓት ሳይሆን በቦታ እንዲለያዩ አዘዘ። ሐዲዱ በክፍል በክፍል ይከፈላል። በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ባቡር ካለ፣ እሱ ሳይወጣ ሌላ አይገባም። በወንዝ ላይ የተጋደመ ግንድ ስትሻገሩ እንደምታደርጉት ማለት ነው፤ ፊተኛው እግሩን መሬት ሳያሳርፍ ኋለኛው ግንዱ ላይ አይወጣም። በክፍሎቹ ጫፍና ጫፍ የሚቆመው ጠባቂ እንግዲህ የምልክት ቤቱ ነው። አሠራሩ ሕጉ ከመውጣቱ በፊትም በብዙ ቦታ ነበር። ሕጉ ያደረገው «ከወደዳችሁ» የነበረውን «ግዴታ» ማድረግ ነው። ያም 80 ሰው ከሞተ በኋላ!

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ለምሳሌ የምንወስደው በምዕራብ እንግሊዝ፣ ሽሩስበሪ በምትባል ከተማ ያለውን ነው። ስሙ «ሰቨርን ብሪጅ ጃንክሽን» ይባላል፤ የሰቨርን ድልድይ መገናኛ ማለት ነው። ሰቨርን የወንዙ ስም ነው። ቤቱ በ1903 ተሠራ። ሐዲዶች ሦስት ማዕዘን ሠርተው በሚገናኙበት መካከል የቆመ ረጅም የጡብ ሕንፃ ነው። ከ100 ዓመት በላይ ሠርቷል። በእጅ ከሚሠሩት የምልክት ቤቶች መካከል በዓለም ትልቁ የሚባለው እሱ ነው።

በደረጃ ወደ ላይ ወጥታችሁ በሩን ብትከፍቱ መጀመሪያ የምታዩት ዘንጎቹን ነው። ከወለሉ ብቅ ያሉ፣ ቁመታቸው እስከ ሰው ደረት የሚደርስ የብረት ዘንጎች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። ቁጥራቸው 180 ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ሥራ ፈተዋል፤ ከተማዋ በባቡር በተጨናነቀችበት ዘመን ግን ከዛሬው ይልቅ ብዙዎቹ ሥራ ነበራቸው።

ዘንጎቹ ቀለም ተቀብተዋል። ቀለሙ ለጌጥ አይደለም። ቀዩ «ቁም» የሚለውን ምልክት ያንቀሳቅሳል። ቢጫው ቀደም ብሎ ያለውን የማስጠንቀቂያ ምልክት ያንቀሳቅሳል። ጥቁሩ የሐዲድ መቀየሪያውን፣ ማለትም ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን ተንቀሳቃሽ ብረት ይገፋል። ሰማያዊው መቀየሪያው ከቦታው እንዳይነቃነቅ ይቆልፋል። ነጩ ሥራ የለውም። በእንግሊዝ አገር አንዱን የምልክት ቤት የሚያውቅ ሰው ሌላው ቤት ቢገባ በቀለሙ ብቻ አይሳሳትም።

በቤቱ ሥር ዘንጎቹ ከሽቦና ከብረት ቱቦ ጋር ተያይዘዋል። ሽቦው በሐዲዱ ዳር በትናንሽ መዘውሮች ላይ እየተንሸራተተ ብዙ መቶ ሜትር ይሄድና ከምልክቱ ይደርሳል። ምልክቱ በረጅም ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ክንድ ነው። ክንዱ ጋደም ካለ «ቁም» ማለት ነው። ዘንበል ካለ «እለፍ» ማለት ነው። ማታ ማታ ከክንዱ ጋር የሚንቀሳቀሱ ቀይና አረንጓዴ መስታወቶች ፋኖስ ፊት ይመጣሉ። ፋኖሱ በላምባ የሚሠራ ነበር፤ ላምባ የሚሞላው ሠራተኛ በዝናብም በበረዶም ምሰሶውን ይወጣል።

ክንዱ ሌላም ብልሃት አለው። ሽቦው ቢበጠስ በገዛ ክብደቱ ወደ «ቁም» ይመለሳል። መሣሪያው ሲበላሽ ባቡሩን ያዘገያል እንጂ አያሳስትም። ሽቦው ደግሞ እንደ ማንኛውም ብረት ሙቀት ሲበዛ ይረዝማል፤ ሲበርድ ያጥራል። ስለዚህ ሠራተኛው በሞቃት ቀን ሽቦውን በመወጠሪያ ያጠብቀዋል። ካላጠበቀው ዘንጉን ቢስበውም ክንዱ በደንብ አይንቀሳቀስም። ሥራው ጉልበት ይጠይቃል፤ ሩቅ ያለውን ምልክት ለመሳብ ሰውየው አንድ እግሩን አስደግፎ በሙሉ ክብደቱ ወደ ኋላ ይጋደማል። በእጁ ሁልጊዜ ጨርቅ ይይዛል። ለምን ይመስላችኋል? እጀታው የተወለወለ ብረት ነው፤ ላብ ከነካው ይዝጋል።

በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ቁጥርና ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ሰሌዳ አለ። ስሙን ብቻ አይደለም የሚናገረው። «እኔን ከመሳብህ በፊት እነዚህን ሳብ» እያለ የሌሎች ዘንጎችን ቁጥርም ይዘረዝራል። ለምሳሌ በአንድ ቀይ ዘንግ ላይ 18 እና 20 ተጽፎ ከሆነ፣ መጀመሪያ 18ን፣ ቀጥሎ 20ን መሳብ አለበት ማለት ነው። ሳይስብ ቀርቶ ቀዩን ቢታገለውስ? ዘንጉ አይነቃነቅም። ከወለሉ በታች የብረት መቀርቀሪያዎች አሉ። መንገዱ በትክክል ካልተዘጋጀና ካልተቆለፈ «እለፍ» የሚለውን ምልክት ይይዙታል። ሁለት የሚጋጩ መንገዶችን ባንድ ጊዜ መክፈትም አይቻልም። ጆን ሳክስቢ የተባለ እንግሊዛዊ ለምልክትና ለመቀየሪያ መቀናጃ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1856 ነው። ከዚያ ወዲህ ብረቱ ራሱ «አይሆንም» ማለት ቻለ።

ብረቱ ግን የሚያውቀው በራሱ ቤት ዙሪያ ያለውን ነው። ከሚቀጥለው ቤት ጋር ያለውን ርቀት ማን ይጠብቀዋል? ለዚህ ደወል አለ፤ ቀስት ያለበት ሣጥን አለ፤ መዝገብም አለ።

ሁለት የምልክት ቤቶችን እናስብ። አንዱን የላይኛው ቤት፣ ሌላውን የታችኛው ቤት እንበላቸው። ፈጣን የመንገደኛ ባቡር ወደ ላይኛው ቤት እየመጣ ነው። የላይኛው ሠራተኛ በኤሌክትሪክ ሽቦ የታችኛውን ደወል 1 ጊዜ ይመታል። «ስማኝ» ማለቱ ነው። ታችኛው 1 ጊዜ መትቶ ይመልሳል፤ «አቤት» እንደማለት። ከዚያ ላይኛው 4 ጊዜ ይመታል። 4 ማለት «ፈጣን የመንገደኛ ባቡር አለኝ፤ መንገዱ ነፃ ነው ወይ?» ማለት ነው። ነፃ ከሆነ ታችኛው ያንኑ 4 ደግሞ ይመታና በሣጥኑ ላይ ያለውን ቀስት «መንገዱ ነፃ ነው» ወደሚለው ጽሑፍ ያዞረዋል። የላይኛው ቤት ሣጥን ቀስትም አብሮ ይዞራል። ነፃ ካልሆነስ? ዝም ይላል። ዝምታው «አይሆንም» ነው።

ባቡሩ የላይኛውን ቤት ሲያልፍ 2 ጊዜ ይመታል፤ «ገባልህ» ማለት ነው። ታችኛው ቀስቱን «ባቡር በሐዲዱ ላይ አለ» ወደሚለው ያዞራል። ባቡሩ ታችኛው ቤት ሲደርስ ሠራተኛው በመስኮት የመጨረሻውን ሠረገላ ያያል። እዚያ ላይ ቀይ ፋኖስ መኖር አለበት። ፋኖሱ ከሌለ ባቡሩ ተበጥሶ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል። ፋኖሱን ካየ 2 ጊዜ፣ ትንሽ ቆይቶ 1 ጊዜ ይመታል፤ «ሙሉ ሆኖ ወጥቷል» ማለት ነው። ሌላም አንድ ቁጥር ልንገራችሁ፤ 6። ያላንዳች ፋታ 6 ጊዜ ከተደወለ «አደጋ አለ፤ ሁሉንም አቁም» ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ይጻፋል። ከመስኮቱ አጠገብ ዘንበል ያለ የመጻፊያ ጠረጴዛ አለ። በላዩ መዝገብ ተዘርግቷል፤ ከፊቱ የግድግዳ ሰዓት አለ። የአንድ ባቡር ነገር በመዝገቡ ላይ፣ ለምሳሌ ያህል፣ እንዲህ ሆኖ ይጻፋል፤

ባቡሩ፦ ፈጣን የመንገደኛ
መንገዱ የተጠየቀው፦ 4 ሰዓት ከ10
ወደ ክፍሉ የገባው፦ 4 ሰዓት ከ13
ከክፍሉ የወጣው፦ 4 ሰዓት ከ18

አያችሁ፣ ይህን እናንተም አሁን ማንበብ ትችላላችሁ። ለመጻፍም የሚከብድ አይደለም። ደንቡ ግን ጥብቅ ነው። የሚጻፈው በቀለም ነው። የተሳሳተ ነገር አይፋቅም፤ መስመር ይሰመርበትና ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል። የጠፋው ነገር መነበብ አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ነገሩ በሆነበት ደቂቃ ነው የሚጻፈው። እኔን ከ180ዎቹ ዘንጎች ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ መዝገብ ነው። ዘንግ ጉልበት ያለው ሁሉ ይስበዋል። መዝገብ ግን ታማኝ እጅ ይፈልጋል። ታማኝነት ሲጎድልበት ምን እንደሚሆን ኩዊንቲንስሂል ላይ ታይቷል።

ኩዊንቲንስሂል በስኮትላንድ፣ ከእንግሊዝ ድንበር አጠገብ የሚገኝ ቦታ ነው። በግንቦት ወር 1915፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በሚካሄድበት ጊዜ፣ በምልክት ቤቱ ሁለት ሠራተኞች ይፈራረቁ ነበር። የሌሊቱ ሰው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ለቀኑ ሰው ማስረከብ ነበረበት። ሁለቱ ግን በድብቅ ተስማምተዋል። የቀኑ ሰው በሰዓቱ በእግሩ ከመምጣት ይልቅ በዝግታው ባቡር ተሳፍሮ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይመጣል። አለቆች እንዳያውቁ፣ የሌሊቱ ሰው ከ12 ሰዓት በኋላ ያለውን በመዝገቡ ላይ አይጽፍም፤ በብጣሽ ወረቀት ይይዘዋል። የቀኑ ሰው ሲደርስ በራሱ እጅ ጽሑፍ ወደ መዝገቡ ይገለብጠዋል። መዝገቡን ያየ ሰው «በሰዓቱ ገብቷል» ይላል።

ያን ቀን ጠዋት የቀኑ ሰው የተሳፈረበት ባቡር ለፈጣን ባቡር መንገድ እንዲለቅ ተፈለገ። ከዳር ያሉት መቆሚያዎች በሌሎች ባቡሮች ተይዘው ስለነበር ወደ ተቃራኒው ዋና ሐዲድ ተሻግሮ ቆመ። የቆመው ከምልክት ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ በመስኮት ይታያል። ሰውየው እራሱ ከዚያ ባቡር ከወረደ ጥቂት ደቂቃ ነው። ነገር ግን ቁጭ ብሎ ከብጣሿ ወረቀት ይገለብጣል።

እንዲህ ያለ ነገር እንዳይረሳ የተሠራ ትንሽ መሣሪያ አለ። የብረት ቀለበት ነው። ባቡር ዋና ሐዲድ ላይ ሲቆም ሠራተኛው ቀለበቱን በዘንጉ እጀታ ላይ ያጠልቀዋል። ሊስበው ሲል ቀለበቱ እጁን ይከለክለዋል። «ረስተሃል» ይለዋል። ያን ቀን ቀለበቱ አልጠለቀም። ሌላም ደንብ ነበር፤ የቆመው ባቡር ሠራተኛ ወደ ምልክት ቤቱ ወጥቶ ባቡሩ መኖሩን ማስታወስ፣ ቀለበቱ መጥለቁን ማየትና በመዝገቡ ላይ መፈረም አለበት። የባቡሩ እሳት አንዳጅ ወጣ። ፈረመ። ቀለበቱን ግን አላየም። ፈርሞ ወረደ።

ከዚያ ወታደሮች የጫነ ባቡር መንገድ ተጠየቀለት። ሠራተኛው «መንገዱ ነፃ ነው» አለ። የወታደሮቹ ባቡር በሙሉ ፍጥነት መጥቶ የቆመውን ባቡር መታው። ወዲያው ደግሞ ፈጣኑ ባቡር በሌላው በኩል ደርሶ ፍርስራሹ ላይ ወጣ። ሠረገሎቹ የእንጨት ነበሩ፤ መብራታቸውም በጋዝ የሚሠራ ነበር። እሳት ተነሣ። ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወደ ጦር ሜዳ የሚሄዱ ወታደሮች ናቸው። በብሪታንያ የባቡር ታሪክ ከዚህ የከፋ አደጋ የለም። ሁለቱ የምልክት ሠራተኞች ተፈርዶባቸው ታሰሩ። የእሳት አንዳጁ ፊርማ በመዝገቡ ላይ ነበር።

እስካሁን ያወራነው ለመሄጃና ለመምጫ ሁለት ሐዲድ ስላለው መንገድ ነው። አንድ ሐዲድ ብቻ ሲሆንስ? የእኛው የቀድሞው ምድር ባቡር፣ ከጅቡቲ ተነስቶ በድሬዳዋ በኩል በ1917 አዲስ አበባ የገባው፣ በነጠላ ሐዲድ ነበር የሚሄደው። ወጪና ወራጁ የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ነው። አንዱ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። ማን ይቁም? ማንስ ይለፍ? ይህ ካልታወቀ ሁለቱ ግንባር ለግንባር ይገናኛሉ።

በ1874 በእንግሊዝ ቶርፕ በተባለ ቦታ እንዲህ ሆነ። በነጠላው ሐዲድ ላይ ባቡር የሚለቀቀው በቴሌግራም በሚላክ ትእዛዝ ነበር። ትእዛዙ በወረቀት ተጽፎ በኃላፊው ካልተፈረመ አይላክም ይላል ደንቡ። በዚያ ዝናባማ ምሽት ኃላፊው «የፖስታው ባቡር ይምጣ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጠ፤ ግን አልፈረመበትም። ቴሌግራፈኛውም ሳይፈረም ላከው። ኃላፊው ይህን ሳያስብ ሌላውን ባቡር ወደዚያው ሐዲድ ለቀቀ። ሲገባቸው «የፖስታውን ባቡር አቁሙ» ብለው ላኩ። የመጣው መልስ «ተነሥቷል» የሚል ነበር። 25 ሰዎች ሞቱ። ኋላ አንዱ «ላክ አላልኩህም»፣ ሌላው «ብለኸኛል» ተባባሉ። ወረቀቱ ላይ ፊርማ የለም፤ ማን ይመስክር?

ከዚህ በኋላ ኤድዋርድ ታየር የተባለ መሐንዲስ አንድ መሣሪያ ፈጠረ። በነጠላው ሐዲድ ሁለት ጫፍ፣ በሁለቱ ጣቢያዎች፣ በኤሌክትሪክ የተያያዙ ሁለት ሣጥኖች ይቀመጣሉ። በውስጣቸው ክብ ሰሌዳዎች አሉ። እኛ የይለፍ ሰሌዳ እንበላቸው። በአንድ ጊዜ ከሁለቱ ሣጥኖች አንድ ሰሌዳ ብቻ ነው የሚወጣው፤ እሱም የወዲያኛው ጣቢያ ሲፈቅድ ነው። የወጣው ወደ ሣጥን ካልተመለሰ ሌላ አይወጣም። ነጂው ሰሌዳውን በእጁ ሳይዝ አይነሣም። አንድ ይለፍ፣ አንድ ባቡር! ሁለት ባቡር እንዴት ይጋጫል?

ግን ተጋጨ።

ከሽሩስበሪ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ዌልስ ይገኛል። እዚያ በነጠላ ሐዲድ ላይ አበርሙል የምትባል ትንሽ ጣቢያ ነበረች። በምሥራቅ ሞንትጎመሪ ጣቢያ፣ በምዕራብ ኒውታውን ጣቢያ አለ። በይለፍ ሰሌዳዎቹ ላይ የሚሠሩበት ክፍል ስም ተቀርጿል። የአንዱ ክፍል ሰሌዳ፦

ሞንትጎመሪ – አበርሙል

የሌላው ክፍል ሰሌዳ ደግሞ፦

አበርሙል – ኒውታውን

እስቲ ሁለቱን ደጋግማችሁ አንብቡ። በሁለቱም ላይ አበርሙል አለ። ልዩነቱ በሌላው ስም ነው። ሰሌዳው የሚያዘው በቆዳ ከረጢት ሆኖ ነው፤ ከረጢቱ ለነጂው እንዲመች ትልቅ ቀለበት አለው። ከውጭ ሲታይ አንዱ ከረጢት ሌላውን ይመስላል።

ቀኑ ጃንዋሪ 26 ቀን 1921 ነው፤ በእኛ ጥር 18 ቀን 1913 ዓ.ም.። ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ዝግተኛው ባቡር ከሞንትጎመሪ በኩል ወደ አበርሙል ገባ። ከኒውታውን በኩል ፈጣን ባቡር እንዲመጣ አስቀድሞ ተፈቅዷል። ዝግተኛው እዚያው ቆሞ ፈጣኑን ማሳለፍ ነበረበት። የጣቢያው ኃላፊ ፈቃድ ወጥቶ ሌላ ሰው ተክቶታል። የይለፍ ሣጥኖቹ በምልክት ቤቱ ውስጥ ሳይሆኑ በጣቢያው ሕንፃ ውስጥ ስለነበሩ፣ መንካት የሌለበትም ሁሉ ይነካካቸዋል።

የ15 ዓመት ልጅ ነው፤ ሥራ እየተማረ ነው። ከነጂው እጅ ከረጢቱን ተቀበለ። በውስጡ ያለው ባቡሩ የመጣበት ሰሌዳ ነው፤ «ሞንትጎመሪ – አበርሙል» የሚለው። ወደ ሣጥኑ ሊመልሰው ሲሄድ ተተኪውን ኃላፊ አገኘው። ትኬት መሰብሰብ ስለነበረበት ከረጢቱን ለእሱ ሰጠው። ኃላፊው ከምሳ መመለሱ ነው፤ የፈጣኑን ባቡር ነገር አላወቀም። የያዘው የሚቀጥለው ክፍል ይለፍ መሰለው። ሳይከፍት፣ ሳያይ፣ ወስዶ ለነጂው ሰጠው። ነጂውም ተቀበለ። ደንቡ «ሳትነሣ በፊት ሰሌዳውን አይተህ ትክክለኛው መሆኑን አረጋግጥ» ይላል። አላየም። ከአጠገቡ ያለው እሳት አንዳጅም አላየም። ሰጥቶት የነበረውን ያንኑ ሰሌዳ መልሶ ይዞ ተነሣ።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል ማንበብ የማይችል አልነበረም። ጽሑፉም ሁለት ቃል ብቻ ነው። ነገር ግን ያ ጣቢያ፣ ያ ሰዓት፣ ያ ከረጢት የየዕለት ነገር ነበር። በየቀኑ ትክክል የሆነ ነገር ዛሬም ትክክል ይመስላል። ትናንት ያየኸውን ዛሬ ማየት ይታክታል።

ከጣቢያው 1 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል እንደራቁ ሁለቱ ባቡሮች ግንባር ለግንባር ተገናኙ። የፈጣኑ ነጂ ትክክለኛውን ሰሌዳ ይዟል፤ በራሱ መንገድ ላይ ነው። ከፊቱ ሌላ ባቡር ሲመጣ አይቶ ፍሬን ያዘ፤ ባልደረባውም እሱም ዘለው ወረዱ፣ ቆስለውም ተረፉ። የዝግተኛው ነጂና እሳት አንዳጁ ሞቱ። በጠቅላላው 17 ሰዎች ሞቱ። ከእነሱ አንዱ የዚያው የባቡር ኩባንያ ዳይሬክተር ነበር። አደጋው በሀብታምና በድኻ መካከል አልመረጠም።

ከምርመራው በኋላ የመነሻ ምልክቱ ከይለፍ ሣጥኑ ጋር እንዲቆላለፍ ሐሳብ ቀረበ። ትክክለኛው ሰሌዳ ከሣጥኑ ካልወጣ ምልክቱ «እለፍ» እንዳይል ማለት ነው። ብረቱ እንደገና «አይሆንም» እንዲል ተደረገ፤ ሰው ማየት ስለተወ።

የአበርሙል ጣቢያ በ1965 ተዘጋ። ሐዲዱ ግን አሁንም አለ፤ አሁንም በዚያ በኩል ነጠላ ነው። በ2011 በመስመሩ ላይ አዲስ መሣሪያ ገባ። የይለፍ ሰሌዳና ከረጢት ግን ከዚያ በፊት ቀርተው ነበር። ማኪንሌዝ በተባለች ከተማ የተቀመጠ ሠራተኛ ፈቃዱን በራዲዮ ይልካል። ፈቃዱ በነጂው ፊት ባለ መስኮት መሰል ሰሌዳ ላይ በቁጥርና በምልክት ይወጣል፤ እስከ የት እንደሚሄድ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ ይነግረዋል። ነጂው ያንን አንብቦ ይነሣል።